ለአልበርታ የሥራ ሚኒስትር፦ «የካናዳ ልምድ» የሚለውን መስፈርት ከሥራ ማስታወቂያ ላይ ያስነሱልን

ይድረስ ለአልበርታ የሥራ፣ የኢኮኖሚ፣ የንግድና የኢሚግሬሽን ሚኒስትር
ኤድመንተን

ክቡር ሚኒስትር፣

ከቶሮንቶ ወደ ኤድመንተን ከተዛወሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ። ደብዳቤውን በቅድሚያ በአማርኛ የጻፍኩት ወገኖቼ አንብበው የጎደለውን እንዲሞሉበት ብዬ ነው። ከዚያ ተተርጉሞ ወደ ቢሮዎ ይላካል።

የመጣነው ተጠርተን ነው። «አልበርታ እየጠራች ነው» የተባለው የመንግሥትዎ ዘመቻ በ2022 ሲጀመር ያነጣጠረው ቶሮንቶና ቫንኩቨር ላይ ነበር። ቶሮንቶ ምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ማስታወቂያውን እያየን ነበር ወደ ሥራ የምንገባው። ኑሮው ይቀላል፣ ሥራም አለ ይል ነበር። ስለ ኑሮው የተባለው እውነት ነው። ኪራዩ ከቶሮንቶ ይሻላል። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ 13 በመቶ ታክስ የምንከፍልበት ዕቃ እዚህ 5 በመቶ ብቻ ነው። ጥሪውን ሰምተው የመጡትም ብዙ ናቸው። በ2023 ብቻ ከሌሎች ፕሮቪንሶች ወደ አልበርታ የገባው ሰው ከወጣው በ55,000 ገደማ ይበልጥ ነበር።

ዝውውሩም አላስቸገረንም። የአልበርታው የጤና ካርድ እስኪጀምር የኦንታሪዮው ይሠራል። የኦንታሪዮ መንጃ ፈቃዴን አስረክቤ የዚህን ያወጣሁት በአንድ ቁጭታ ነው፤ እንደገና ተፈተን ያለኝ የለም። ለዚህ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገሩ የከበደው ሥራ ፍለጋው ላይ ነው።

አዲስ አበባ ለዓመታት በሂሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። ቶሮንቶ የቆየሁት ዌርሃውስ ውስጥ ነው። እዚህ ስመጣ ወደ ሙያዬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አንድ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራኝ። የሂሳብ ጥያቄዎቹን በደንብ መለስኩ። የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌርም አውቀዋለሁ። ጠያቂዋ ደስ ብሏት ነበር፤ ፊቷ ላይ ይታያል። መጨረሻ ላይ ሲቪዬን ገልበጥ አድርጋ «ይህን ሥራ ካናዳ ውስጥ ሠርተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አልሠራሁም አልኳት። «እንደውልልሃለን» አለች። አልደወሉም። በኢሜይል ጠየቅኩ፣ መልስ የለም። እምቢ ቢሉኝ እንኳ ቁርጤን አውቄ ሌላ ቦታ እሞክር ነበር።

ይህ በእኔ ላይ ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ ለሚኒስትር አልጽፍም ነበር። 118ኛው አቬኑ ላይ ካሉት የአበሻ ካፌዎች አንዱ ጎራ ቢሉ ላፕቶፕ ከፍቶ ሲቪ የሚያስተካክል ሰው አያጡም። ባለፈው ክረምት አንድ ወንድማችንን እዚያ ቁጭ ብዬ ሳግዘው ነበር። መሐንዲስ ነው፤ መንገድ ሲያሠራ የኖረ ሰው። ለዌርሃውስ ሥራ ሊያመለክት ስለነበር «ማስተርሱን አውጣው፣ ዲግሪውንም አውጣው፣ ካዩት አይቆይም ብለው ይተዉኛል» አለኝ። አጠፋሁለት። በሌላ ፋይል ደግሞ ለቢሮ ሥራ የሚልከው አለ። እዚያ ላይ ዲግሪዎቹ ሁሉ አሉ፤ ግን የካናዳው ገጽ ላይ ያለው ዕቃ መጫንና ማውረድ ብቻ ነው። በአንዱ ብዙ ተምረሃል ይባላል፣ በሌላው ልምድ የለህም። ሰው ከገዛ ሕይወቱ ላይ ዓመታት እየቀነሰ ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት በጣም ያማል። ልምድ የሚገኘው ሲሠሩ ነው። መጀመሪያ ካልተቀጠረ የካናዳውን ልምድ ከየት ያመጣዋል?

መንግሥትዎ ምንም አላደረገም ማለቴ አይደለም። በ2024 ከሌላ ፕሮቪንስ ለሚመጡ የእጅ ሙያተኞች የ5,000 ዶላር ማበረታቻ ሰጥታችኋል። በያጅም ኤሌክትሪሺያንም ያስፈልጋል፤ ይገባቸዋል። ከዚያ በፊትም ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ አላችሁ። የሙያ ፈቃድ የሚሰጡ አካላት ለአመልካች በስድስት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ውሳኔያቸውን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን የሚመለከተው ፈቃድ ሰጪዎችን ነው እንጂ ተራውን የሥራ ማስታወቂያ አይነካም። የሂሳብ ሠራተኛ፣ የመጋዘን ኃላፊ፣ የቢሮ ጸሐፊ፣ የሽያጭ ሠራተኛ፣ ፈቃድ የማይጠየቅበት ሥራ የሚፈልግ ሁሉ ከዚያ ሕግ ውጭ ነው። ከእኛ መካከል አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው።

ኦንታሪዮ በዚህ ቀድማለች። እዚያ የመሐንዲሶችን ፈቃድ የሚሰጠው አካል የካናዳ ልምድ መጠየቁን በ2023 ትቷል። ከጃንዋሪ 1, 2026 ጀምሮ ደግሞ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በሥራ ማስታወቂያው ላይ የካናዳ ልምድ ብሎ መጻፍ አይችልም። ደመወዙ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነም መግለጽ አለበት። ኢንተርቪው ላደረገው ሰው በ45 ቀን ውስጥ መወሰን አለመወሰኑን እንዲያሳውቅም ይገደዳል። ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች። ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ለሚያድር ሥራ ፈላጊ ግን ትልቅ ነገር ናት።

የምጠይቅዎት ይህንኑ ሕግ ለአልበርታ እንዲያወጡልን ነው። ቀጣሪ ያለ ችሎታ ይቅጠረን አላልኩም። ይፈትነን። ሶፍትዌሩ ፊት ያስቀምጠን፣ የሙከራ ጊዜ ይስጠን፤ ካልቻልን ያሰናብተን። የአልበርታን የግንባታ ደንብ ወይም የታክስ አሠራር ማወቅ ግድ ከሆነም ማስታወቂያው ላይ በስሙ ይጻፈው፤ ተምረን እንመጣለን። «የካናዳ ልምድ» ግን ምን እንደጎደለን አይነግረንም። ጠርተው ያመጡትን እንግዳ ደጅ አያስጠኑትም።

ሌላም ነገር አለ። ሥራ ፍለጋው ሲረዝም ደላላ ይገባል። በቴሌግራምና በቲክቶክ «ሥራ አስገባለሁ» እያሉ ብር የሚቀበሉ አሉ። ሥራ ከሚፈልግ ሰው ላይ ለሥራ ማስገቢያ ክፍያ መቀበል በአልበርታ ሕግ ክልክል ነው፤ ኤጀንሲዎችም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ይህን የሚያውቅ ወገን ግን ጥቂት ነው። የተበላው ሰው ደግሞ ያፍራል፣ ዝም ይላል። መንግሥትዎ ሰው ለመጥራት ማስታወቂያ መለጠፍ ያውቅበታል። ይህንንም በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ አድርጎ በየአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በየመስጊዱና በየሱቁ ይለጥፍልን፤ አቤት የሚባልበት ስልክ ቁጥርም ይኑረው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ባለቤቴ እዚህ መኖር ወዳዋለች። ልጆቻችንም ትምህርት ቤታቸውን ለምደዋል። ወደ ቶሮንቶ የመመለስ ሐሳብ የለንም። ግን አንዳንድ ጓደኞቻችን ዕቃቸውን ጭነው ተመልሰዋል፤ ገና የሚያመነቱም አሉ። አልበርታ ከሩቅ የጠራቻቸው ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ልታጣቸው አይገባም።

ክቡር ሚኒስትር፣ የሕጉን ጉዳይ በሚቀጥለው የምክር ቤት ጉባኤ ለማቅረብ ሐሳብ እንዳለዎት እንዲያሳውቁን እጠይቃለሁ። ከሌለዎትም ምክንያቱን በጽሑፍ ቢገልጹልን ከማኅበረሰባችን ጋር ተወያይተን የምንመልሰው ይኖረናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤድመንተን ነዋሪ