ጉዳዩ፦ ሰው የሚያሳስተው የትኬት መተግበሪያችሁ

ለትኬት መተግበሪያው ባለቤቶች
ደብረ ብርሃን

ሰላም። ወደ ነገሬ ልግባ። አክስቴ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ለመሄድ በመተግበሪያችሁ ትኬት ቆረጡ። ትኬቱ ላይ «መነሻ 6:00» ይላል፣ ሌላ ነገር የለም። እሳቸውም 6 ሰዓት ሲባል ቀትር ነው ብለው፣ ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ይላል፣ ረፋዱ ላይ ጓዛቸውን ይዘው መናኸሪያ ደረሱ። አውቶቡሱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥቶ ሄዷል። ለካ የጻፋችሁት በፈረንጅ ሰዓት ነው! ስንደውል ደግሞ «ትኬቱን በደንብ ማንበብ ነበረባቸው» ተባልን። አነበቡት እኮ።

ጥፋቱ የዲዛይን ነው። የአጠቃቀም ዲዛይን ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው 10 የዲዛይን መመሪያዎች ውስጥ ሁለተኛው፣ መተግበሪያ ተጠቃሚው በሚያውቀው ቋንቋና ልማድ ይናገር ይላል። «ጠዋት 12 ሰዓት» ብሎ ለመጻፍ ምን ይከብዳል?

ክፍያውም ያው ነው። «ክፈል» የሚለውን ስትነኩት አንድ ክብ ነገር መሽከርከር ይጀምራል፣ ከዚያ ዝም። ተከፈለ? አልተከፈለም? ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ሰው ድጋሚ ይነካዋል፣ አክስቴም ነኩት፣ ብሩ ሁለቴ ተቆረጠ። ከ10ሩ የመጀመሪያው መመሪያ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ለሰው አሳዩ የሚል ነው። ቁልፉ አንዴ ከተነካ በኋላ ይዘጋ፣ «ክፍያዎን እያጣራን ነው፣ ድጋሚ አይንኩ» የሚል ጽሑፍ ይውጣ። በቃ።

ፊደላችሁም በነጭ ላይ ግራጫ ነው። ለተራ ጽሑፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መስፈርቱ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል። የደብረ ብርሃን ብርድ ብቻ ነው የሚወራው እንጂ የቀትር ፀሐይዋ ስልክ አታስነብብም።

ይህን ሁሉ ቀድማችሁ ማየት ትችሉ ነበር። ያው ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው 5 ሰው ብታስሞክሩ አብዛኛው ችግር ይገለጣል። መናኸሪያ ኑ፣ ትኬት የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ስልኩን ስጧቸውና «የነገ ጠዋት ትኬት ቁረጡ፣ የምታስቡትንም እየተናገራችሁ» በሏቸው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። «እዚህ ጋ ይንኩ» ማለት የለም! ጣታቸው የቆመበት ቦታ ነው ችግራችሁ ያለው።

ሁለቴ የተቆረጠው ብርና ያመለጠው ትኬት ዋጋ በተከፈለበት ስልክ ይመለስልን። የሰዓቱን አጻጻፍ ግን ዛሬውኑ አስተካክሉ፣ አውቶቡሱ ነገም ጠዋት ይወጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ