የፀረ ኤድስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ በረኛው፣ ቀለሙና ሣጥኑ

ዓመቱን የጀመርነው እንደ ወትሮው ነው። ጥቅምት ላይ አባላት ተመዘገቡ፣ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ተመረጡ፣ ለኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀን ድራማ መለማመድ ተጀመረ። ድራማውን አምናም ካቻምናም አይተነዋል። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ አባት ይቆጣል፣ በመጨረሻ ሁሉም ሻማ ይይዛል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከተመልካቹ ጋር ማዛጋት ጀምሬ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ የሰቀልነው የጥያቄ ሣጥን ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ስንከፍተው ከከረሜላ ልጣጭ ጋር ጥቂት ወረቀቶች አገኘን። አንዷ ከሒሳብ ደብተር የተቀደደች፣ አራት ጊዜ የታጠፈች፣ በእርሳስ የተጻፈች ናት፦ «መድኃኒቱ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል ወይ? በየቀኑ የሚውጥ ሰው አውቃለሁ። አሁን አሁን ይረሳል።» የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ ለማወቅ አልሞከርኩም። አባላቱም እንዳይሞክሩ ወረቀቷን ኪሴ ከትቼ ጥያቄውን ብቻ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ያውም ባዮሎጂ የማስተምር ሰው።

ማንበብ ጀመርን። ቫይረሱ ሰው በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ፣ በነጭ የደም ሴሎች ተሸሽጎ አንጎል ይገባል። የሚሰፍረው ግን በነርቭ ሴሎች ውስጥ አይደለም፤ ማይክሮግሊያ በሚባሉት የአንጎል ጠባቂ ሴሎችና በደም ሥሮች ዙሪያ በሚገኙ ማክሮፌጆች ነው። የነርቭ ሴሎቹ የሚጎዱት በዚያ በሚነሳው ብግነት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱም እዚያው ድረስ መሄድ አለበት።

መንገድ አልጠፋም። በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ቢቀጣጠሉ ርዝመታቸው ወደ 600 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ይገመታል፤ ከፒያሳ ተነስቶ ባሕር ዳር ያስገባል። ችግሩ በሩ ላይ ነው። የእነዚህ ደም ሥሮች ግድግዳ ሴሎች እርስ በርሳቸው ጥብቅ ሆነው የተሰፉ ናቸው። ስብ ውስጥ የሚሟሟ ትንሽ ሞለኪውል በሴሉ በኩል ሾልኮ ያልፋል። አልቡሚን ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር የተጣበቀ መድኃኒት ግን ካልተላቀቀ አያልፍም። ከገቡትም መካከል ወደ ደሙ ተመልሰው የሚወረወሩ አሉ፤ ግድግዳው ላይ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፓምፕ አለ።

ይህ ፓምፕ የክበቡን ልብ ሰረቀ። የሻማው ድራማ ቀረና ኅዳር 22 ቀን «በረኛው» የተባለ አጭር ትርኢት ቀረበ። የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ረጅሙ ተጫዋች፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ የፓምፑን ስም በካርቶን ጽፎ ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆመ። ፕሮቲኤዝ የተባለውን የቫይረሱን ኢንዛይም የሚያግዱ መድኃኒቶችን የወከሉት ልጆች ገና አንድ እግራቸውን ሲያስገቡ በትከሻቸው እየያዘ ወደ ደሙ ይመልሳቸዋል። የግቢያችን ዘበኛ ጋሼ ከኋላ ሆነው ሲመለከቱ «እኔ እንኳ ያረፈደ ተማሪ እንዲህ አልገፈትርም» አሉ። ከትርኢቱ ሁሉ የበለጠ ሳቅ ያገኘው ይህ ነው።

ሁለተኛው መንፈቅ የጄላቲን ወራት ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊኽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ቢወጋ መላ ሰውነታቸው ሲቀለም አንጎላቸው ሳይነካ ቀረ። ተማሪው ጎልድማን ደግሞ በ1913 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቀለሙን አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ሲወጋ በተገላቢጦሽ አንጎሉ ተቀለመ። እኛ እንስሳ አልነካንም። በአንጎል ፈንታ ከሱፐርማርኬት ጄላቲን ገዝተን በብርጭቆ አረጋንና ከላይ ቀለም አፈሰስን። (ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጄላቲን የጾም ነው ወይ ስትል ጠየቀች። የሚበላው የለም ብለን አለፍን።) የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ያፈሰስነው ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ነበርና ከጄላቲኑ ጋር ተዋህዶ ወደ ቡናማነት ተለወጠ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በሰማያዊ የምግብ ቀለም ደገምነው። በማግስቱ በማስመሪያ ስንለካ ቀለሙ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዷል። ሁለተኛውን ሴንቲ ሜትር እስኪጨርስ አራተኛው ቀን ሆነ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ዓመቱን ሙሉ ከሠራነው ይህን እወድዳለሁ። አንድ የአንጎል ሴል በአቅራቢያው ካለው ደም ሥር የሚርቀው በአብዛኛው ከሚሊ ሜትር መቶኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ ነው። በሩን ያለፈ መድኃኒት ያቺን ርቀት ለመሄድ ሰከንድ ቢፈጅበት ነው። በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ ካለው ፈሳሽ ተነስቶ ወደ ውስጥ ሴንቲ ሜትሮችን መጓዝ ያለበት ግን እንደ ብርጭቆአችን ቀናት ይጠብቃል። ፈሳሹም አይጠብቀውም፤ ባንድ ጊዜ ያለው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን በቀን ወደ 500 ሚሊ ሊትር ይመረታል፣ ያለማቋረጥ ይታደሳል። ሐኪሞች ከጀርባ በመርፌ ቀድተው የሚለኩት ይህንኑ ፈሳሽ ነው። የአንጎሉ ሥጋ ውስጥ ስንት እንዳለ በቀጥታ አይነግራቸውም።

ግንቦት ላይ ከአንድ ጤና ጣቢያ የመጡ ሲስተር ጋብዘን ነበር። ተማሪዎቹ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣውንና በኋላ የተሻሻለውን፣ የቫይረሱን መድኃኒቶች ወደ አንጎል በመድረሳቸው የሚመዝን ደረጃ አግኝተው ኖሮ፣ ዚዶቩዲን የተባለው 4 ነጥብ ሲያገኝ ቴኖፎቪር ለምን 1 ብቻ ሆነ ብለው አፋጠጧቸው። ሲስተር አልተቆጡም። ነጥቡ ከፍ ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሁልጊዜ በማስታወስ ተሽለው እንዳልተገኙ፣ ዶሉቴግራቪር የተባለው መድኃኒት በአንጎል ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ደም ውስጥ ካለው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ባይሞላም ቫይረሱን ለማገድ እንደሚበቃ አስረዱ። ከመድኃኒቱ ወዲህ ከባዱ የአእምሮ መድከም ብርቅ ሆኗል፤ ቀለል ያለው ግን አለ። መርሳት ደግሞ ከጭንቀት፣ ከእንቅልፍ እጦት፣ ከሌላም ሕመም ይመጣል። «የሚረሳውን ሰው ክኒኑን ሳያቋርጥ እኛ ጋ ይምጣ በሉት» አሉ።

ይህን በትልቅ ወረቀት ጽፈን ከሣጥኑ በላይ ለጠፍነው። ጠያቂው አንብቦት ይሁን አላውቅም።

ለንብረት ክፍል፦ የተሰበሩት ብርጭቆዎች ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ በእኔ እጅ። የሣጥኑም ቁልፍ ከሰኔ ፈተና ወዲህ ጠፍቷልና ክረምቱ ሳያልፍ ቁልፍ ሠሪ ይጠራልን። ሲነቀነቅ ውስጡ ወረቀት አለ።