ኩልዳባድ ሳትደርሺ እንዳትመለሺ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል። መሥሪያ ቤትሽ ከዱባይ ወደ ሙምባይ ለሥልጠና ሊልክሽ መሆኑን ከሰማሁ ወዲህ ደስታው እንቅልፍ ነሥቶኛል። እዚያው ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ስማር ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ከሣጥን አውጥቻቸዋለሁ፤ ወንድምሽ በስልኩ እያነሣ በቴሌግራም ይልክልሻል። የት እንደሆኑና ምን እንዳየሁ ግን እኔው ልጻፍልሽ።

ባቡር በር ላይ ቆሜ የምታይኝ ወደ አህመዳባድ ስንሄድ ነው። ከጎኔ ያለው ልጅ ሻይ ሻጭ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ «ቻይ፣ ጋራም ቻይ» እያለ በተኛው ሰው መሃል ሲመላለስ ያደረ። ሻያቸው ከወተት ጋር የሚፈላ ነው፤ ዝንጅብልና ሄል ይገባበታል። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ምሳቸውን ሲፈቱ መጀመሪያ ለእኔ ነበር ሮቲ የሚሉትን ቂጣ ቆርሰው የዘረጉልኝ። ቋንቋቸውን አልሰማም፣ እሳቸውም የእኔን፤ ግን እስክጠግብ አልተዉኝም።

የድንጋይ መስኮት ያለበትን ፎቶ ደጋግመሽ እይው። ድንጋዩ ተፈልፍሎ ዛፍ ሆኗል፤ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ እየተጠላለፉ ይወጣሉ፣ በመሃላቸው ብርሃን ያልፋል። የሲዲ ሰይድ መስጊድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1573 ገደማ ያሠራው ሰው ሐበሻ ነበር። ይህን የነገረኝ የመስጊዱ ጠባቂ ነው፤ አገሬን ሲሰማ እጄን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የሐበሾቹን ነገር መከታተል የጀመርኩት።

ኤሎራ ላይ ካይላሳ የተባለውን ቤተ መቅደስ ታያለሽ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ተራራ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ ነው። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆነሽ ቁልቁል ስታዪ የጠየቅሽኝን ጥያቄ ታስታውሻለሽ? «አባዬ፣ የቆፈሩትን ድንጋይ የት አደረሱት?» ነበር ያልሽው። እዚያም ቆሜ ያንኑ ነው ያሰብኩት፤ አንቺ ገና ሳትወለጂ።

ከኤሎራ ትንሽ ራቅ ብሎ ኩልዳባድ አለ። አደራ የምልሽ ይህን ነው። ጥቁር ጉልላት ያለው የድንጋይ ቤት የማሊክ አምበር መቃብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ እዚህ እኛ አገር ተወለደ፤ ቤተሰቡ ያወጡለት ስም ቻፑ ነበር ይባላል። በልጅነቱ ተሸጦ በቀይ ባሕር፣ በባግዳድ አድርጎ ደካን የሚባለው የህንድ ደጋ ምድር ደረሰ። ጌታው ሲሞት ነፃ ወጣ፤ ጦር አደራጀ፤ በመጨረሻም በዚያው በደካን የነበረው የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩት የሞጉሎቹ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር፣ አምበር አልሸነፍ ቢለው፣ የአምበርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አስሣለ። አምበር ግን አልተማረከም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1626 በሽምግልናው ነው ያረፈው። ታጅ ማሃልን ያሠራው የጃሃንጊር ልጅ ሻህ ጃሃን እንኳ ልዑል ሳለ ወግቶታል፤ በአባቱ ላይ ባመፀ ጊዜ ደግሞ እርዳታ የጠየቀው እሱኑ ነው። ታጅ ማሃልንም እይ፣ ያማረ ነው፤ ሁሉም ስለሚያወራልሽ እኔ አልጨምርበትም።

አምበር እ.ኤ.አ. በ1610 ኻድኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ፤ ከመሬት በታች ቦይ አስቆፍሮ ውሃ አስገባላት። በኋላ አውራንጋባድ ተባለች፤ አሁን ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ሆናለች፤ ትኬት ስትቆርጪ ሁለቱንም ስም እወቂ። ልጄ፣ ስለ አምበር ሳስብ እናቱ ትዝ ትለኛለች። የት እንደደረሰ ሳታውቅ ነው የቀረችው። ልጁን ባሕር ማዶ ሸኝቶ ስልክ የሚጠብቅ ወላጅ ሆኜ ሳስበው፣ አሁን ያኔ ከነበረው ይበልጥ አንጀቴን ይበላኛል።

የባሕሩ ምሽግ ጃንጂራ ነው፤ ሙሩድ ከምትባል ከተማ አጠገብ ካለው ከራጃፑሪ መንደር በጀልባ ትሻገሪያለሽ። ሲዲ የሚባሉት፣ ከእኛ አገርና ከአፍሪካ የሄዱ ሰዎች ዘሮች፣ ለዘመናት ገዝተውታል። ክረምታቸው እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ በዚያ ወቅት ጀልባው አይሠራም፤ ከቻልሽ የጉዞሽን ቀን ከመስከረም በኋላ አስደርጊው።

ቀኑ ሲቆረጥ ደውይልን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ የምትልክበት ሰው ከወዲሁ እያፈላለገች ነው። ኩልዳባድ ስትደርሺ የመቃብሩን ውስጡን አንሺልኝ፤ የእኔ ፊልም በሩ ላይ ስላለቀብኝ ያለኝ የውጪው ብቻ ነው። ጠባቂው ካልከለከለሽ በደንብ አድርገሽ፣ ከየአቅጣጫው። ራስሽም በሩ ላይ ቁሚና ተነሺ።

የሚወድሽ አባትሽ