ሰኒዬ፣ ታህሳስ ላይ ያልመጣሁት በጥርሴ ምክንያት ነው

ሰኒዬ የኔ እህት እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ፣ እማማስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፣ ሙቀቱ ብቻ ነው፣ የድሬን ግንቦት መቼም አልረሳሽውም፣ ማታ ማታ ፍራሽ አውጥተን ግቢ ነው የምንተኛው።

ይሄን ደብዳቤ ሁለቴ ጽፌ አጥፍቼው አሁን ሶስተኛዬ ነው። ካወራን ዓመት አለፈን አይደል? ስትደውዪ ዝም፣ በቪዲዮ ስትደውዪ ደሞ ኔትወርክ የለም እያልኩ ዋሽቼሻለሁ። ታህሳስ ላይ ለቁልቢ መጥተሽ ከዚራ ዘመዶችሽ ጋ ሁለት ቀን ስታድሪ ሐረር ለቅሶ ሄጃለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው ሰኒ፣ ወላሂ ቤት ነበርኩ። ልጄን አክስትሽ ከመጣች እማዬ የለችም በያት ብያት ጓዳ ተቀምጬ ነበር፣ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ለልጄ ብርቱካን ሰጥተሽ ስትሄጂ ድምፅሽን ሰምቻለሁ። እሱን ቀን ሳስበው እስካሁን ሆዴን ያመኛል። አፉ በይኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግራ በኩል ያለው የላይኛው ክራንቻዬ ጎኑ ላይ ትንሽዬ ቀዳዳ ነበረችው፣ ቀዝቃዛ ነገር ስጠጣ ትጠዘጥዘኝ ነበር፣ አንቺም እኮ እንዲህ ይሰማኛል ብለሽኝ ነበር። በ2016 ረመዳን ላይ ጠናብኝ። ማታ ካፈጠርኩ በኋላ ቴምር ስነክስ ህመሙ እስከ ጆሮዬ ይሄዳል፣ ቅርንፉድ ወቅጬ በጥጥ አድርጌ ነክሼ ነው የማድረው፣ ትራሴ ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸት ነበር። ባሌ ሙሜ ታከሚ ሲለኝ ከዒድ በኋላ እላለሁ፣ ፆሜ ይበላሽብኛል ብዬ፣ እውነቱን ልንገርሽና ፆሙ ምክንያት ነበር፣ ብሩ ነው የሌለኝ።

የጤና መድን ካርድ አለን እኮ፣ በየዓመቱ ከፍለን እናድሳለን። እሱን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ያው መጀመሪያ እዛ ካልታየሽ ሪፈር አይጻፍልሽም፣ ጥርስ የሚያይ የለም ብለው ማስታገሻ ሰጥተውኝ ወደ ሆስፒታል ጻፉልኝ። ሆስፒታሉ ጋ በጠዋት ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ልጁ በባትሪ አየኝና ይሄ ተሞልቶ ይተርፋል፣ ግን የሚሞላበት ዕቃ አልቋል፣ መንቀል ከሆነ ግን አሁኑኑ እነቅልልሻለሁ አለኝ። ጤነኛ ሊሆን የሚችል ጥርስ፣ ያውም የፊት፣ እንዴት ብዬ ላስነቅል? ተነስቼ ወጣሁ። ከዛ የግል ጥርስ ክሊኒክ ጠየቅኩ፣ ማስሞላት 1,800 ብር አሉኝ፣ የመድን ካርዱ ደሞ እዛ አይሰራም። እጄ ላይ የነበረው 2,000 ብር ነው፣ እሱም የልጅቷ የትምህርት ቤት። ምን አደርጋለሁ፣ ለሷ ከፈልኩ።

ከዛ በኋላ የሆነውን ነው በደንብ እንድትሰሚኝ የምፈልገው ሰኒ። ፋርማሲ ሄጄ አሞክሲሲሊን ገዛሁ፣ ሶስት ቀን ውጬ ሲሻለኝ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ብዬ አስቀመጥኩት፣ ሲብስብኝ ደግሞ ሁለት ፍሬ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቆየሁ። ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ህመሙ የለም። ጭራሽ የለም! ቀዝቃዛ ጠጣሁ፣ ምንም። አላህን አመስግኜ ለእናቴ ሁሉ ደውዬ ተሻለኝ አልኳት። ለካ አልተሻለኝም፣ ውስጡ ያለው ነርቭ ሞቶ ነው። ሀኪሙ በኋላ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ፣ የሞተ ነርቭ አያምም፣ ተህዋሲው ግን በጥርሱ ስር አድርጎ አጥንት ውስጥ ስራውን ይቀጥላል፣ መድሃኒቱም ቢሆን እብጠቱን ለጊዜው ያበርደዋል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍነውም፣ የበሰበሰውንም አያወጣውም። ጥርሱ ቀስ በቀስ አመድ መሰለ፣ ከዛ ጠቆረ። ያኔ ነው በቪዲዮ ማውራት ያቆምኩት። ስስቅ በእጄ እሸፍናለሁ፣ ሰርግ ላይ ፎቶ ሲነሳ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ልጄ አንድ ቀን እማዬ ለምን አትስቂም አለችኝ።

ህዳር ላይ ጉንጬ ማበጥ ጀመረ። ማታ ከንፈሬ ጎን ትንሽ ነበር፣ ጠዋት ስነሳ ግራ አይኔ አልገለጥ አለ፣ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠኛል፣ አፌ ውስጥ የማላውቀው መራራ ነገር ይመጣል። ሙሜ ባጃጁን አስነስቶ ደቻቱን አቋርጦ እየበረረ ሆስፒታል ወሰደኝ፣ መንገዱ ላይ ያሉት ጉብታዎች እያንዳንዳቸው ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር የሚያርፉት። ሀኪሙ አይቶኝ ባሌን ነው የተቆጣው፣ የላይኛው ክራንቻ መግል ወደ አይን ይወጣል፣ በደም ስር አድርጎ ወደ አንጎልም ሊሄድ ይችላል፣ ሰው በጥርስ ይሞታል አለው። ሙሜ ሲያለቅስ በዛ ሁሉ ዓመት አይቼው አላውቅም ሰኒ፣ ግድግዳው ጋ ዞሮ አለቀሰ።

ስድስት ቀን ተኛሁ። ቀደው መግሉን አወጡት፣ ጥርሱንም ነቀሉት። የአልጋውንና የህክምናውን ካርዱ ሸፈነልኝ፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው፣ ወንዱ ልጄ በሳንባ ምች የተኛ ጊዜም፣ ለእናቴ ስኳርም ጠቅሞናል፣ የሌላችሁ አውጡ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ እናገራለሁ። ግን መርፌው የሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ የለም ተባለና በየቀኑ ከውጭ ነው የተገዛው፣ አንዱ ላብራቶሪም ከውጭ ነው የተሰራው፣ ባጃጁም ስድስት ቀን ቆመ። ሁሉም ሲደመር 7,400 ብር። በ1,800 ብር ያልቅ የነበረ ነገር! ጥርሴም አሁን አፌ ውስጥ በኖረ ነበር።

ብሩ እንዴት እንደተገኘ ልንገርሽ? የአፎቻችን፣ ያው የእድራችን፣ ሴቶች አዋጥተው 2,000 አመጡልኝ፣ ግማሹን ከእቁብ ቀድሜ እንድወስድ ፈቀዱልኝ፣ የቀረው ደሞ መጋላ ወርቅ ቤት ሄጄ ያንን ጉትቻ ሸጥኩት። ያን ለሰርጌ አብረን ዞረን የመረጥነውን። ሰውየው ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጠው አንቺን ነው ያየሁት፣ ይሄኛው ፊትሽን ያበራዋል ብለሽኝ ነበር እኮ።

የሚያናድደኝ ምን መሰለሽ፣ ሰው ሰራሽ ጥርስ በመድኑ አይሸፈንም፣ መነፅርም እንደዛው፣ ውበት ነው ተብሎ ይመስለኛል። አፍ ከሰውነት ውጪ ነው እንዴ? እኔ ሽቲ ቀሚስ ሰፍቼ የማድር ሰው ደንበኛ ጋ አፌን ከፍቼ ማውራት አለብኝ፣ ልጄን ስቄ ማሳደግ አለብኝ። እኛም ደሞ ራሳችን እንዲህ አድርገን ነው የለመድነው፣ ሆድ ሲያመን እንሮጣለን፣ ጥርስ ግን እስኪያብጥ እንጠብቃለን፣ ብር ያለው ያስሞላል፣ የሌለው ያስነቅላል። ጎረቤቶቼን ስጠይቃቸው ግማሾቹ ሳይወዱ ያስነቀሉ ናቸው።

እናቴንም ነገርኳት፣ ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፣ ድዱ ሲታመም ደሞ ስኳሩ አልወርድ ይላል፣ ሁለቱ እየተመላለሱ ነው። የሷ ጥርሶች ሲነቃነቁ እርጅና ነው እያልን ስንት ዓመት አሳለፍን። አሁን ጤና ጣቢያ ለስኳሯ ስትሄድ ድዷንም እንዲያዩላት ትጠይቃለች። ሙሜም ከጫቱ ጋር የሚጠጣውን ለስላሳ ወደ ውሃ እንዲቀይር ስለምነው ቆይቼ በስንት መከራ እሺ ብሏል፣ ማታም ሳይቦርሽ አይተኛም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። መስሪያ ቤትሽ ለህክምና በዓመት የሚሸፍንልሽ አለ፣ ጥርስ ግን አይጨምርም ብለሽኝ ነበር። ለደሞዝተኛው የወጣው የመድን አዋጅ እንኳ በ2002 ነው የወጣው፣ እኔ ሙሜን ሳላገባ በፊት ማለት ነው፣ ከዛ ወዲህ ለዓመታት ሲዘገይ ነው የኖረው፣ ስለዚህ እሱን አትጠብቂ። ያቺ ቀዝቃዛ ስትጠጪ የምትጠዘጥዝሽ ጥርስ አለች አይደል? በዚህ ሳምንት ሂጂ። ትንሽ ሳለች ማስሞላት ነው፣ ነርቩ ጋ ከደረሰ ሩት ካናል ይሆናል፣ ነርቩን አውጥቶ ስሩን መሙላት ማለት ነው፣ ሁለት ሶስት ቀን መመላለስ፣ ከላዩ ደሞ ክዳን፣ ብሩ ብዙ እጥፍ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሶስት ክሊኒክ ዋጋ ጠይቂ፣ ለኔ በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ እጥፍ የሚለያይ ዋጋ ነግረውኛል፣ በሁለት ጊዜ ልክፈል በያቸው፣ አብዛኞቹ እምቢ አይሉም። ህመሙ ድንገት ከጠፋ ደሞ ተሻለኝ ብለሽ እንዳትቀሪ፣ በእናትሽ። ብር ካጠረሽ ንገሪኝ፣ የእቁብ እጣዬን ቀድሜ ብወስድም ከሽቲው በየሳምንቱ እያስቀመጥኩ ነው፣ የኔ ቆይቶ ይደርሳል።

የኔን እያሰራሁ ነው፣ የሚወልቀውን ዓይነት፣ 3,500 ብር፣ ግማሹን ከፍዬ ልኬቱን ወስደዋል። በሚቀጥለው ወር ይደርሳል ብለውኛል። አሁን ግን ሳይደርስም ቢሆን መሸፈን ትቻለሁ፣ ትናንት ቀፊራ ላይ አንዷ ደንበኛዬ ስታስቀኝ እጄን ሳላነሳ ሳቅኩ።

ሐምሌ 19 ለቁልቢ ትመጫለሽ? ከመጣሽ ዘመድ ጋ ማደር የለም፣ እኔ ጋ ነሽ፣ ፍራሹን ግቢ አወጣልሻለሁ፣ ሙሜ በባጃጁ መናኸሪያ መጥቶ ይወስድሻል። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስራ የለኝም፣ ደውዪልኝ፣ በቪዲዮ አድርጊው።

እህትሽ ሐያት፣ ከድሬ