ልጅሽ ይናደድ፣ ተይው

ልጄ እንዴት ነሽ፣ ባለፈው በስልክ "እማ፣ አብዝተው ያሞላቀቁት ልጅ ሲያድግ ተደባዳቢ ይሆናል የሚሉት እውነት ነው?" ስትዪኝ ቸኩለሽ ስለነበር በደንብ ሳልመልስልሽ ቀረሁ፣ ሲከነክነኝ ሰነበተና ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ አትደንግጪ። ልጅን አብዝቶ መጠበቅ ብቻውን ማንንም ወንጀለኛ አያደርግም። ሰውን ወደ ጠብ የሚገፋው ባብዛኛው እየተመቱ ማደግ፣ ቤት ውስጥ ድብድብ እያዩ ማደግ፣ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው ማጣት ነው፣ ስለዚህ "እንዲጠነክር ግረፊው" የሚልሽን ሰው በጭራሽ እንዳትሰሚ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሪቻርድ ትሬምብሌ የሚባል የካናዳ ተመራማሪ ልጆችን ከህፃንነታቸው ጀምሮ ለአመታት ሲከታተል ያየው ነገር አለ፣ ልጅ በብዛት የሚማታው ገና በ2 እና በ4 አመቱ መሀል ነው፣ ከዛ አብዛኛው ቀስ በቀስ ይተወዋል። እንዴት ይተወዋል ካልሽኝ ተራ እየጠበቀ፣ እየተሸነፈ፣ ጓደኛው "ካንተ ጋር አልጫወትም" ብሎት ሲከፋው ነዋ። ያንቺው ግን ያኔ ካርድ ሲጫወት መሸነፉ ሲገባው ካርዱን በተነው፣ አንቺ ደሞ ለቃቅመሽ እሱ እንዲያሸንፍ አርገሽ ደረደርሽለት፣ የአክስቱ ልጅ ካርዷን እንደያዘች ዝም ብላ ታያችሁ ነበር። ፊቱ ወዲያው ፈካ፣ አንቺም እፎይ አልሽ፣ ግን ንዴቱ በራሱ ጊዜ እንደሚበርድ ሳያየው ቀረ፣ እኔን ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

በጭንቀትም ያው ነው። አሜሪካ ባለው ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤሊ ሌቦዊትዝ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በጣም የሚጨነቁ ልጆችን ወላጆች ብቻ አሰልጥነው (ልጆቹን ሳያክሙ ማለቴ ነው) ልጆቹ ራሳቸው ቴራፒ ካገኙት ጋር የሚስተካከል ለውጥ አይተዋል፣ ጥናቱ በፈረንጆቹ 2020 ወጥቷል። ወላጆቹ የተማሩት ልጁ በፈራ ቁጥር የፈራውን ነገር ከፊቱ ማንሳት እንዲያቆሙና "ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ትችለዋለህ" እንዲሉት ነው።

አንቺም እንደዚሁ በይው። ሲሸነፍ አጠገቡ ተቀመጪ፣ ያልቅስ፣ አትቆጪው፣ ሊማታ ከቃጣ እጁን ያዢው፣ ካርዱን ግን አትደርድሪለት። ደብተር ረስቶ በሄደ ቁጥርም ከስራ አስፈቅደሽ አትሩጪ፣ አስተማሪዋ ትጠይቀው፣ እሱም ይመልስ። የሚያስፈራራው ወይ የሚመታው ልጅ ካለ ግን እሱ ሌላ ነው፣ ያንን ብቻውን እንዲወጣው እንዳትተዪው፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ትምህርት ቤት ሂጂ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።

እናትሽ