ለእንግዳ የሚሆን አንድ ገጽ ስጡን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። እኛ የክፍለ ሀገር ሰዎች አዲስ አበባ የምንመጣው ለጉዳይ ነው። ለሐኪም፣ ለቪዛ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ወይ መርካቶ ዕቃ ለማንሳት። ጉዳዩ ሲያልቅ ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠን ቴሌቪዥን እናያለን፣ በማግስቱ በሌሊት መናኸሪያ። እዚያው ደጃችን ላይ ያለውን ኪነ ጥበብ ሳናየው እንመለሳለን። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል።

በቅርቡ እናቴን ለስኳር ምርመራ ይዣት መጥቼ ነበር። ቀጠሮው ሲገፋብን ስድስት ኪሎ ወሰድኳት፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ወዳለው ሙዚየም። ቤቱ የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ነው ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው። መኝታ ቤታቸው ዛሬም ይጎበኛል። እኔ ግን የወደድኩት ዕቃዎቹ የተደረደሩበትን መንገድ ነው። ይሄ የዚህ ክልል፣ ያ የዚያ ክልል ተብሎ አልተከፈለም። ከልጅነት ይጀምርና በጉልምስና አልፎ እስከ ሞት ይሄዳል፤ የአፋሩም የጉራጌውም የኦሮሞውም ኑሮ እዚያው ጎን ለጎን ነው።

ላይኛው ፎቅ የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ። እናቴ በገናው ፊት ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። አያቴ በዐቢይ ጾም ይደረድሩ ነበርና አሥሩን አውታሮች በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። ከዚያ አጠገቧ ለነበሩ ተማሪዎች ከአውታሩ ሥር የምትገባውን ቁራጭ ቆዳ ታስረዳቸው ጀመር፤ ያንን ነዘር የሚል ድምፅ የምታወጣው እሷ ናት፣ ቦታዋ ትንሽ ከተዛነፈ በገናው አይናገርም አለቻቸው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚሰሟት። ስለ ደም ስኳሯ ብቻ ስትጠየቅ የከረመች ሴትዮ ያን ቀን አስተማሪ ሆነች።

ስንወጣ የየካቲት 12 ሐውልት አለ፣ በ1929 ፋሽስት ለጨፈጨፋቸው ወገኖቻችን የቆመው። ወደ አምስት ኪሎ በእግር ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ብሔራዊ ሙዚየም። በ1967 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ቁመቷ አንድ ሜትር ከምናምን ነው። እናቴ "ይቺማ ሕፃን ናት" ብላ አላምን አለችኝ።

ችግሩ የመጣው ቲያትር ስንፈልግ ነው። እሑድን በቲያትር እንጨርስ አልን። የት ምን እንደሚታይ የሚነግረን ግን ጠፋ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ዘመዶቻችንም አያውቁም። ስልክ ደወልን፣ አይነሳም። አንድ ቲያትር ቤት በር ድረስ ሄደን የተለጠፈውን ብናነብ ያለፈ ወር ማስታወቂያ ነው። ታክሲ ከፍለን መጥተን፣ በዚያ ላይ የእናቴ እግር አብጦ።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን አንድ ነገር ልለምን። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የደረጃ ሰንጠረዥ ሳይዛነፍ ይወጣል፣ ማን ከማን በስንት ሰዓት እንደሚጫወት ደሴ ቁጭ ብዬ አውቃለሁ። በብሔራዊ ቲያትር ምን እየታየ እንደሆነ ግን አላውቅም። ሀገር ፍቅር እኮ ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ ሕዝቡን ለማንቃት በ1927 የተመሠረተ ቤት ነው፤ እንደዚህ ያለ ቤት የሳምንት ፕሮግራሙ ጋዜጣ ላይ ሊወጣለት አይገባም? የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም የማንን ሥዕል እያሳየ ነው? የዓድዋ ሙዚየም ስንት ሰዓት ይከፈታል? መግቢያው ስንት ነው? ወንበር ለሚቸግራቸው አዛውንቶች መቀመጫ አለ ወይ? ይቺን ይቺን ብቻ ነው የምንፈልገው።

የአዲስ አበባ ዘመዶቻችንም ቅር አይበላችሁ። እንግዳ ሲመጣባችሁ ዶሮ ከመሥራት በፊት ግማሽ ቀን ስጡት። ዶሮውን እኛም ቤት እንሠራዋለን።

ገጹን ከጀመራችሁት የሁለት ሳምንቱን ፕሮግራም አንድ ላይ አውጡት። ጋዜጣው እኛ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ የአንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ እጃችን ሲገባ ቲያትሩ አልፎ ይጠብቀናል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ