ለደብረ ማርቆሱ ወንድሜ፣ ስለ አኳሪየሙ ጋዝ

ከባሕር ዳር

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ደብዳቤ ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ቢያልፍም ወሬህ ከዘመድ ወዳጅ አልጠፋኝም። ሰሞኑን እኅትህን አግኝቻት፣ ሳሎንህ ውስጥ ትልቅ አኳሪየም፣ ማለት የዓሣ መስታወት ገንዳ ማስቀመጥህን፣ ዓሣዎቹ ሲስማማቸው የውኃ እጽዋቱ ግን ቅጠላቸው እየሳሳ መሄዱን፣ ለእጽዋቱ ምግብ የሚሆነውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በሲሊንደር የሚሸጥልህም ማጣትህን አጫወተችኝ። ብዕር ያስነሣኝ ይኸው ነው፤ ያለ ሲሊንደር እዚያው ቤትህ ስለምትሠራው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መሣሪያ የማውቀውን ልጽፍልህ ወደድሁ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ከአየር ብቻ በሚያገኘው ውኃ ውስጥ ደግሞ የጋዙ መጠን በሊትር 1 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም፤ መብራቱን ባበረታህ ቁጥር ተክሉ የበለጠ የሚራበው ስለዚህ ነው። ሆኖም ሁሉም እኩል አይራብም። በጣና ውስጥ ጭምር የሚበቅሉት ቫሊስኔሪያና ሴራቶፊለም የሚባሉት የውኃ እጽዋት ካርቦኑን በውኃው ውስጥ ከሟሟው ባይካርቦኔት ከሚባል ማዕድን መውሰድ ስለሚችሉ ያለ ጋዝም ይለመልማሉ። ያንተ አኳሪየም የያዘው እነዚህን ብቻ ከሆነ ድካሙ ይቅርብህ፤ ቀያይ ቅጠል ያላቸውንና መሬት ላይ ተነጥፈው የሚያድጉትን ተክለህ ከሆነ ግን ቀጥለህ አንብብ።

ጋዙን የሚሠራልህ የዳቦ እርሾ ነው። ጠላ ተጠንስሶ ሲብላላ ከጋኑ ሽቅብ የሚፍለቀለቀው አረፋ ይኸው ጋዝ ነውና ነገሩ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይሆንም፤ እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውሰድ። የውኃ ሃይላንድ አትጠቀም፤ የለስላሳው ጠርሙስ ግፊት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፣ የውኃው ግን ስስ ነው። 200 ግራም ያህል ስኳር ለብ ባለ ውኃ አሟሟና ጠርሙሱን እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ ሙላ፤ የቀረው ለአረፋው ቦታ ነው። ውኃው ለእጅህ ሞቅ ከማለት ካለፈ እርሾውን ይገድለዋል። ከዚያ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርሾ ጨምርበት። እርሾ ብታበዛ ጋዙ በጥቂት ቀን ተንበልብሎ ያልቃል እንጂ ስኳሩ ከሚሰጠው በላይ አታገኝም፤ 200 ግራም ስኳር ቢበዛ 100 ግራም ገደማ ጋዝ ነው የሚወጣው። በዚህ ልክ የተዘጋጀ ጠርሙስ ሁለት ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይሠራል። የማርቆስ ብርድ እርሾውን ስለሚያዳክመው ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ጥግ ፈልግለት።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ክዳኑ ላይ ነው። የጠርሙስ ክዳን የተሠራበት ፕላስቲክ ማጣበቂያ ስለማይዝለት በሙጫ የታሸገ ክዳን ውሎ አድሮ ማፍሰሱ አይቀርም። ስለዚህ ክዳኑን ከቱቦው ውፍረት ጠበብ አድርገህ ብሳ፣ የቱቦውን ጫፍ በሰያፍ ቆርጠህ በሙቅ ውኃ አለስልሰውና ሹሉን በቀዳዳው አሳልፈህ በፒንሳ ሳበው። ሲቀዘቅዝ ቀዳዳው ራሱ አንቆ ይይዘዋል፤ ሙጫ አያስፈልገውም። ለቱቦነት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አዲስ የግሉኮስ መስጫ ይበቃሃል፤ ነገር ግን በላዩ ያለችውን ማጥበቂያ አውልቀህ ጣላት። እርሾ ተው ቢሉት አይተውምና መውጫው ከተዘጋበት ጠርሙሱን ያፈነዳዋል።

ቱቦውን በቀጥታ ወደ አኳሪየሙ አታስገባው። በመካከል ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አድርግ፤ ከእርሾው የሚመጣው ቱቦ ውኃው ውስጥ ይጠመቅ፣ ወደ ዓሣዎቹ የሚሄደው ደግሞ ከውኃው በላይ ይጀምር። አረፋና ዝቃጩ እዚያ ይቀራል፣ የሚወጣውንም ጋዝ በዓይንህ ትቆጥራለህ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተላልፍ ቫልቭ ካገኘህ ከትንሹ ጠርሙስ ቀጥለህ አስገባ፤ ካጣህ ጠርሙሶቹን ከአኳሪየሙ ውኃ ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጥ፣ አለበለዚያ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃው ተመልሶ ይፈስባቸዋል። የቱቦውን ጫፍ ማጣሪያው ውኃ በሚስብበት በኩል አድርገው፤ ፓምፑ አረፋውን ከታትፎ ያሟሟዋል። ሽቅብ ወጥቶ የሚፈነዳ አረፋ ለተክሉ አይጠቅምም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። በየመጽሐፉ የምታገኘው የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ልክ በሊትር 30 ሚሊግራም ነው፤ እኔ ግን ለእኛ አገር ከ15 እስከ 20 ባለው እንድትወሰን እመክርሃለሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ታልፋለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በባሕር ወለል ካለው ከአምስተኛ እስከ ሩብ ገደማ ይቀንሳል። ዓሣው ከመጀመሪያው የሚተነፍሰው አነስተኛ ነውና ጋዝ ስታበዛበት ቶሎ ይጨነቃል። መጠኑን ለማወቅ የውኃህን ካርቦኔት ጥንካሬ (KH የሚሉትን፣ በዲግሪ የሚለካውን) በ3 አባዛ፤ ፒኤቹ፣ ማለት የውኃውን አሲድነት የሚያሳየው ቁጥር፣ 7 ሲሆን ያ ቁጥር በሊትር ያለው ሚሊግራም ነው። ጥንካሬው 4 ከሆነ 12 ማለት ነው፤ ፒኤቹ ወደ 6.8 ሲወርድ 19 ይሆናል። ከዚያ አታሳልፈው። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ካየህ ግን ስሌቱን ተወውና ቱቦውን አውጣ።

ሌሊት ተክሉም ኦክስጅን ይጠቀማል፣ እርሾውም አያርፍም፤ ስለዚህ መብራቱን ስታጠፋ የአየር ፓምፑን አስነሣ። በተለይ ስለ ኤሌክትሪክ አደራ እልሃለሁ። ማታ መብራት ከጠፋ ማጣሪያውም የአየር ፓምፑም ይቆማሉ፣ ጋዙ ግን ይቀጥላል፤ ሳትተኛ ቱቦውን ከውኃው አውጥተህ ክፍት ተወው።

ጋዙ አንድ ሰሞን በዝቶ ሌላ ሰሞን ሲያንስ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ነገር መስታወቱን ያለብሰዋል። ለዚህ ሁለት የእርሾ ጠርሙስ አዘጋጅና በየሳምንቱ ተራ በተራ አንዱን አድስ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይበረታል። ሥራውን የጨረሰውን ድፍድፍ ወደ ፍሳሽ ድፋው፣ ወደ አኳሪየሙ ጠብታም አታስገባ። ተክሉ ሲበዛ የምትገርዘውን ደግሞ ፀሐይ ላይ አድርቀህ ቅበረው እንጂ ወንዝ እንዳትጥለው፤ እንቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው እዚህ ሆኜ በዓይኔ እያየሁ ነው።

ከመጀመርህ በፊት የውኃህን ካርቦኔት ጥንካሬና ፒኤች ለክተህ ጻፍልኝ፤ የተከልሃቸውንም ዓይነት ንገረኝ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ